ስለ ፒኬዩና ስለ ሕፃናት የዘር በሽታ የሚወሩ ስህተቶች

ፊኒልኬቶኑሪያ፣ ባጭሩ ፒኬዩ፣ እምብዛም የማያጋጥም የዘር በሽታ ነው። ፌኒልአላኒን የተባለው ንጥረ ነገር ፕሮቲን ባለበት ምግብ ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ በሽታው ያለበት ልጅ ጉበት ግን ይህን ንጥረ ነገር የሚለውጠው ኢንዛይም ይጎድለዋል። ንጥረ ነገሩ ደም ውስጥ እየተጠራቀመ አንጎልን ይጎዳል። በጊዜ የተደረሰለት ልጅ እንደ እኩዮቹ ያድጋል፣ ይማራል። ወሬ አምኖ የሚዘገይ ቤተሰብ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

«በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም»

ልጁ የሚታመመው ችግር ያለበትን ዘረ-መል ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ከአንዳቸው ብቻ የወረሰ ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ እሱ ራሱ ምንም ሳያመው ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ዘረ-መሉ ማንም ሳይታመም ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ ሊቆይ ይችላል። «እኛ እኮ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው» የሚሉም አሉ። ቆጠራው በእርግጥ ይጠቅማል፤ የሥጋ ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ዘረ-መል የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነውና። ይሁን እንጂ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ተሸካሚዎችም ሊጋቡ ይችላሉ።

«አንዱ ከታመመ የሚቀጥሉት ሦስቱ ደህና ናቸው»

አይደለም። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ያለፈው ለሚመጣው ዋስትና አይሆንም።

«እናትየው ያመጣችው ነው»

ይህ አባባል ትዳር ያፈርሳል። በእርግዝናዋ የበላችው፣ የደነገጠችው፣ ቡዳ ወይም እርግማን ተሸካሚ የሆኑ ወላጆችን ልጅ ፒኬዩ አያስይዘውም። ዘረ-መሉ ከሁለቱም እኩል ነው የመጣው። እንዲያውም በሽታው ሊታወቅ የቻለው በአንዲት እናት ብርታት ነው። ሁለት ልጆቿ አእምሯቸው ሳይዳብር የቀረባት ኖርዌያዊት፣ ልጆቿ ላይ ያለው እንግዳ ሽታ ምን እንደሆነ ሐኪሞችን ስትጠይቅ ኖራ፣ በመጨረሻ አስቢዮርን ፎሊንግ የተባለው ሐኪም ሽንታቸውን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1934 ምክንያቱን አገኘው።

«ልጄ ጤነኛ ሆኖ ተወልዷል፤ ለምን ይወጉታል?»

አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ የሚወልዱ ወገኖቻችን ይህን መጠየቃቸው አይገርምም። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ሳለ ትርፉን ፌኒልአላኒን የእናቱ ሰውነት ያስወግድለታል፤ ስለዚህ ሲወለድ ምንም አይታይበትም። ወተት መጥባት ሲጀምር ነው መጠራቀሙ የሚጀምረው። ዕድገቱ መዘግየቱ፣ የሚጥል ሕመም፣ የሻገተ የሚመስል የሽንትና የገላ ሽታ የሚታዩት ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ ያኔ የተጎዳው አንጎል ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ምርመራው ግን ቀላል ነው፦ አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ከተወለደ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ተረከዙ ይወጋና ጥቂት የደም ጠብታ ወረቀት ላይ ባሉት ክቦች ላይ እንዲደርቅ ይደረጋል። የመጀመሪያው ውጤት አጠራጣሪ ሆነ ማለት ልጁ ታሟል ማለት አይደለም፤ ማረጋገጫ ምርመራ ይከተላል። ስልክ ሲደወል ግን በዚያው ቀን ይሂዱ።

«የዘር በሽታ መድኃኒት የለውም»

ዘረ-መሉን አውጥቶ መጣል ባይቻልም ጉዳቱን ማስቀረት ይቻላል። ልጁ ፌኒልአላኒን የሌለው ልዩ ወተት ይሰጠዋል፤ የእናት ጡትም በሐኪም ክትትል ተመጥኖ ሊቀጥል ይችላል። ከፍ ሲል ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ ይቀርበታል። እኛ ቤት የሚያሳስተው የጾም ምግብ ነው። ሥጋ ስለሌለበት ብቻ ሽሮና ምስር ምንም የማያደርጉት ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም በፕሮቲን የበለጸጉ ናቸው። እንጀራም ቢሆን በልክ ነው። አስፓርቴም የተባለው፣ ፌኒልአላኒን ያለበት ማጣፈጫ የገባበት ስኳር አልባ ለስላሳ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጠውም። አያት ደብቀው «አንድ ጉርሻ ምን ታደርገዋለች» እንዳይሉ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የሚያጎርሱት ከፍቅር ነውና።

«ካደገ በኋላ እንደ ልቡ ይብላ»

ድሮ ሐኪሞችም እንዲህ ይሉ ነበር። ዛሬ ምክሩ ዕድሜ ልክ መቀጠል ነው፤ ካቆሙ ሐሳብ መሰብሰብ ያቅታል፣ ጭንቀትና ድባቴም ሊከተል ይችላል። ፒኬዩ ያለባት ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ጀምራ የፌኒልአላኒኑን መጠን ማስተካከል አለባት፤ በደሟ ውስጥ ከበዛ ልጇ በሽታውን ባይወርስ እንኳ የፅንሱን አንጎልና ልብ ይጎዳል።