ካርስት ምንድን ነው? ድንጋይ ሁሉ ውሃ አያጣራም

«የምንጭ ውሃ እኮ ነው፤ ድንጋይ አጣርቶት ነው የሚወጣው።» ይህን አባባል በየቦታው አነባለሁ። አሁን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ ሲጽፍ ደገመው፤ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ባሌ ውስጥ የዌይብ ወንዝ በዋሻው በአንዱ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ይወጣል። ያው ወንዝ ነው። የቱ ድንጋይ ነው ያጣራው?

ካርስት ውሃ ድንጋዩን እያሟሟ የሠራው መሬት ነው። ድንጋዩ ብዙውን ጊዜ የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየር፣ በተለይ ደግሞ ከአፈር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ደካማ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ስንጥቁን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ብዙ ውሃ ያገኘ ስንጥቅ ይሰፋል፤ የሰፋው ደግሞ የባሰ ውሃ ይስባል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ጥቂቶቹ እንደ ቧንቧ ይሆናሉ። ሲብስም እንደ ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል መተላለፊያ ያለው ዋሻ ይሆናሉ።

ጠላ ሲጠለል አስቡ። ጨርቁ ደህና ከሆነ አተላው ከላይ ይቀራል። አሸዋማ መሬት እንደዚያ ነው። ውሃው በደቃቅ ቀዳዳዎች እየተሳበ ስለሚያልፍ ብዙው ጀርም እዚያው ይያዛል፣ ወይም መንገድ ላይ ይሞታል። ካርስት ግን የተቀደደ ጨርቅ ነው። ጨርቁ አለ፤ ብዙው ውሃ የሚጠራቀመውም በእሱ ነው። ፈጥኖ የሚሄደው ግን በቀዳዳው ነው። ቀስ ብላችሁ ስታፈሱ ጥቂት ጥቂት እያለ ተጣርቶ ይወርዳል፤ በበጋ ምንጩ ኩልል የሚለው ለዚህ ነው። በአንዴ ስትገለብጡት አተላው ሳይቀር ይወርዳል። ክረምት ማለት ያ ነው።

«አስመርምረነዋል፣ ንጹህ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። መቼ ነው የተቀዳው? በጥር የተወሰደ ናሙና ስለ ነሐሴ አይመሰክርም። ካርስት ምንጭ ዶፍ ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው መቀዳት ያለበት፣ ያውም ደጋግሞ። ምንጩ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚደፈርስ ከሆነ፣ የላዩ ጎርፍ በአቋራጭ እየደረሰበት ነው ማለት ነው። ጥርት ማለቱ ግን ንጹህ ለመሆኑ ዋስትና አይደለም። ጀርም በዓይን አይታይም።

ፍጥነቱን ማየት ለሚፈልግ ጀርመን ውስጥ የተደረገ ጥሩ ሙከራ አለ። የዳኑብ ወንዝ ውሃ በአንድ ቦታ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። በ1877 እ.ኤ.አ. ክኖፕ የሚባል ሳይንቲስት እዚያ ላይ 10 ኪሎ ማቅለሚያና 20 ቶን ጨው አስገባ። ከ60 ሰዓት ገደማ በኋላ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የአኽ ምንጭ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ጨው ጨው ይልም ነበር። አሸዋ ውስጥ ቢሆን ውሃው ያንን መንገድ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጅበት ነበር። በማቅለሚያው ቦታ የሽንት ቤት ፍሳሽ ቢሆንስ?

ጉድጓድ መቆፈርም በራሱ አያድንም። በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ዎከርተን ከተማ ውስጥ ከባድ ዝናብ የከብት እበት አጥቦ የከተማው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ከተተው። ጉድጓዱ ጥልቀት የሌለውና በተሰነጣጠቀ ዶሎማይት (የኖራ ድንጋይ ዘመድ) አለት ላይ የተቆፈረ ነበር። የክሎሪን ቁጥጥሩም የላላ ነበር። ከ2,000 በላይ ሰው ታመመ፣ 7 ሰው ሞተ።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ የኖራ ድንጋይ ሁሉ ካርስት አይደለም። መቀሌ አካባቢ ለምሳሌ የኖራ ድንጋዩ ከማርል (ሸክላ ከተቀላቀለበት የኖራ ድንጋይ) ጋር ተነባብሯል፣ ዶለራይትም (ከቀለጠ አለት የረጋ ጠንካራ ድንጋይ) ገብቶበታል። ውሃው የትም እንደልቡ አይፈስም። ካርስት ላይ አንዱ ጉድጓድ ውሃ ሲያንዶቀዱቅ ጎረቤቱ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ጉድጓድ ተነስቶ ስለ አካባቢው ሁሉ መናገር አይቻልም። ባዛልትም፣ ማለትም ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የራሱ ጠባይ አለው፤ የተሰነጣጠቀ ከሆነ እሱም ብዙ አያጣራም።

የኖራ ድንጋይ አገር የምትኖሩ ሰዎች፣ ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት እዩ። ጎርፍ የሚውጥ ጉድጓድ ካለ ቆሻሻ አትድፉበት፣ የሞተ ከብትም አትጣሉበት። ምንጩ ሲደፈርስ ክሎሪን ብቻውን አይበቃም፤ ጭቃው አቅሙን ያዳክመዋል፣ ክሎሪን የማይበግራቸው ተውሳኮችም አሉ። ውሃውን አዝቅጡት፣ በጨርቅ አጥልሉት፣ ከዚያ አፍሉት።