ሴረም ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮችና እውነታው

ሴረም ተአምር አይደለም። ዋናውን ሥራ የሚሠሩ አንድ ወይም ሁለት ንጥረ ነገሮች በርከት ተደርገው የገቡበት፣ ፊት ላይ የሚቀባ ቀጠን ያለ ፈሳሽ ነው፤ አለቀ። በዚህች ትንሽ ጠርሙስ ዙሪያ የሚወራው ግን ማለቂያ የለውም። አንዱ «ውዱን ካልገዛሽ ገንዘብሽን ጣልሽው» ይላል፣ ሌላዋ «እነዚህን ሁለቱን ከቀላቀልሽ ፊትሽ አለቀለት» ትላለች፣ በመሃል ኪስ ይራቆታል፣ ቆዳው ግን እንደነበረ ነው። ደጋግመው የሚነሱትን እንያቸው።

«ውድ ከሆነ ይሠራል፣ ርካሹ ውሃ ነው»

ውዱም ርካሹም በአብዛኛው ውሃ ነው። የጠርሙሱን ጀርባ አዙራችሁ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታገኙት እሱን ነው። ናያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት)፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ግሊሰሪን የመሳሰሉት ጥሬ ዕቃዎች ራሳቸው ውድ አይደሉም። ትርፉን የምትከፍሉት ለጠርሙሱ፣ ለሽታው፣ ለማስታወቂያው ነው። ዘ ኦርዲናሪ የተባለው የካናዳ ብራንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ንጥረ ነገሩን ከነመቶኛው ጠርሙሱ ላይ ጽፎ በርካሽ መሸጥ ሲጀምር ብዙ ሰው ይህን ልብ አለ።

ጀርባውን ስታነቡ የምትጠቅም አንዲት ዘዴ አለች። ንጥረ ነገሮች የሚጻፉት ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊደረደሩ ይችላሉ። ፌኖክሲኢታኖል የሚባል ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር አለ፣ ብዙ ምርት ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ አያልፍም። ስለዚህ ከእሱ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ጥቂት ነው ማለት ይቻላል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «ናያሲናማይድ» ተብሎ፣ ጀርባው ላይ ግን ከፌኖክሲኢታኖል በታች ከተጻፈ ወደ መደርደሪያው መልሱት። ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) እና ፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁራጭ) በትንሽ መጠንም ስለሚሠሩ በዚህ አትፍረዱባቸው።

የአሠራር ጥራት በደንብ የሚለየው ቫይታሚን ሲ ላይ ነው። ዋናው ዓይነት፣ ኤል አስኮርቢክ አሲድ፣ ብርሃንና አየር ቶሎ ያበላሹታል። ብርሃን በሚያስገባ ጠርሙስ ከተሸጠ ውድም ይሁን ርካሽ ተዉት።

«መቶኛው ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል»

ይሄኛው ብዙ ፊት አበላሽቷል። ናያሲናማይድ ከ2 እስከ 5 በመቶ ባለው መጠን ሥራውን ይሠራል። 10 በመቶ የሚስማማው ሰው አለ፣ ፊቱን የሚያቀላውና የሚያሳክከውም አለ። ኤል አስኮርቢክ አሲድ ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ቆዳ የሚወስደው መጠን አይጨምርም፣ የሚጨምረው መቆጥቆጡ ነው። ለብጉር የሚሆነው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ደግሞ ግልጽ ማስረጃ ነው። 2.5 በመቶው ከ5ና ከ10 በመቶው ጋር ሲነጻጸር ቀልቶ የተቆጣ ብጉር ላይ ያለው ውጤት ተቀራራቢ ነው፣ የሚያደርቀውና የሚልጠው ግን ከ10 በመቶው ያነሰ ነው። (ፎጣና ትራስ ልብስ እንደሚያነጣ ግን እወቁ፣ በማንኛውም መጠን።)

«ቆዳዬ ወዛም ስለሆነ ሞይስቸራይዘር (ማለስለሻ) አያስፈልገኝም»

ወዝና ውሃ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፊት ከላይ በወዝ እያበራ ከሥር ውሃ ሊያጥረው ይችላል፤ ከታጠባችሁ በኋላ እየወጠራችሁ ከሰዓታት በኋላ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ምናልባት ይሄ ነው። በሌላ በኩል «ካላለሰለስሽው ተናዶ ብዙ ወዝ ያመነጫል» የሚባለውንም አትመኑ። የወዝን መጠን በዋነኛነት የሚወስነው ሆርሞን ነው። ማለስለሻ የሚያስፈልጋችሁ የቆዳችሁ መከላከያ ሽፋን እንዳይጎዳ ነው፣ በተለይ የብጉር መድኃኒት ስትጠቀሙ። ቀለል ያለ፣ እንደ ጄል ያለ ምረጡ።

የቆዳችሁን ዓይነት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ለስለስ ባለ መታጠቢያ ታጠቡና ምንም ሳትቀቡ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሁሉም ቦታ ካበራ ወዛም ነው። ከወጠራችሁ ወይም ከተቀረፈ ደረቅ ነው። ግንባርና አፍንጫ አብርቶ ጉንጭ ከደረቀ ድብልቅ ነው። የቀባችሁት ሁሉ የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ደግሞ ከሌላው ሁሉ በፊት ስሱ መሆኑን ያዙ።

ወዛምና ብጉር ለሚበዛበት ቆዳ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ፣ ጥሩ ነው። በዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ የተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ለደረቅ ቆዳ ሂያሉሮኒክ አሲድ፣ ግሊሰሪን፣ ሴራማይድ (የቆዳ መከላከያ ሽፋን የተሠራበት የስብ ዓይነት)። ለስሱ ቆዳ ሽታ የሌለው ሆኖ ንጥረ ነገሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ድብልቅ ቆዳ ያላችሁ ለሁሉም ቦታ አንድ ነገር መቀባት የለባችሁም፤ ሳሊሲሊኩን አፍንጫና ግንባር ላይ ብቻ ብታደርጉት ማንም አይከሳችሁም።

«አሲድ የሚባል ሁሉ ይልጣል»

ሂያሉሮኒክ አሲድ አይልጥም። ሥራው ውሃ መያዝ ነው። እርጥብ ፊት ላይ ቀቡትና ወዲያው ማለስለሻ ደርቡበት፣ አለበለዚያ በደረቅ አየር ውስጥ ፊታችሁ እንደወጠረ ይውላል። እንዲያውም ኪስ ከጠበበ ግሊሰሪን ያለበት ተራ ማለስለሻ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ እኔ ብሆን ለሂያሉሮኒክ ብቻ ብዬ ሌላ ጠርሙስ አልገዛም።

የሚልጡት ግላይኮሊክ፣ ላክቲክ፣ ማንደሊክና ሳሊሲሊክ ናቸው። ከነዚህ ግላይኮሊክ በጣም ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም ያስቆጣል። ጀማሪ ከሆናችሁ ላክቲክ ወይም ማንደሊክ ይሻላል፣ ያውም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ምሽት።

«ቫይታሚን ሲ እና ናያሲናማይድ አብረው አይሄዱም»

ይሄዳሉ። ወሬው የመጣው ዛሬ ፊታችን ላይ ከምንቀባው ጋር የማይገናኙ፣ ንጥረ ነገሮቹ በከፍተኛ ሙቀት ከተፈተኑባቸው የቆዩ የላብራቶሪ ሥራዎች ነው። ልትጠነቀቁ የሚገባው ሌላ ነው፦ ሬቲኖልና የሚልጥ አሲድ በአንድ ምሽት። ኬሚካሎቹ ስለሚጣሉ አይደለም፣ ቆዳው ሁለቱን ባንዴ ስለማይችል ነው። በተለያዩ ቀናት አድርጓቸው።

«ካቃጠለ እየሠራ ነው ማለት ነው»

አይደለም። አሲድና ቫይታሚን ሲ ሲቀቡ ለጥቂት ሰኮንዶች መቆንጠጥ ሊኖር ይችላል። ደቂቃዎች የቆየ ማቃጠል፣ መቅላት፣ ማበጥ ግን ቆዳው «በቃኝ» እያለ ነው። ታጠቡት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ሬቲኖል ወይም የሚልጥ አሲድ ሲጀመር ብጉር ለጊዜው ሊብስ ይችላል፣ ምክንያቱም የሕዋሳትን መታደስ ስለሚያፋጥኑ ከሥር የነበረው ቶሎ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ድሮም ብጉር በሚወጣባችሁ ቦታ ነው፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥም ይረግባል። ብጉር አይታችሁ በማታውቁበት ቦታ ሽፍ ካለ፣ ወይም ከናያሲናማይድና ከሂያሉሮኒክ በኋላ ከመጣ፣ «መርዙ እየወጣ ነው» ብላችሁ ራሳችሁን አታታሉ። ምርቱ አልተስማማችሁም።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል፣ ምልክቱም ከብጉሩ በላይ ለወራት ይቆያል፤ ስለዚህ ምልክት ለማጥፋት ብሎ ኃይለኛ ነገር እየቀቡ ማቃጠል ሌላ ምልክት መሥራት ነው።

«ጥቁር ቆዳ ሰንስክሪን አያስፈልገውም»

ሜላኒን፣ ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ ከፀሐይ ይከላከላል፣ እውነት ነው፣ ግን በከፊል ነው። በፀሐይ ቶሎ ባትቃጠሉም ጥቁር ነጠብጣብና ማድያት በፀሐይ ይብሳሉ። ማድያትን በማባባስ በዓይን የሚታየው ተራ ብርሃንም ድርሻ አለው፣ እሱን ደግሞ ተራው ሰንስክሪን በደንብ አይመልሰውም። አይረን ኦክሳይድ የሚባል ማቅለሚያ የገባበት፣ ቀለም ያለው ሰንስክሪን የሚመከረው ለዚህ ነው። ቀለም ያለው መሆኑ ነጭ አመድ ከመሰለ ፊትም ያድናችኋል።

ሰንስክሪኑ ላይ ከSPF አጠገብ ያለው ቁጥር አያስጨንቃችሁ። 30 የተጻፈበት ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር ወደ 97 በመቶ፣ 50ው ወደ 98 በመቶ ይከለክላል። ልዩነቱን የሚያመጣው መጠኑ ነው፤ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ቀቡ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከሴረሙ በፊት ሰንስክሪኑን ግዙ። ቀን ሳይከላከሉ ማታ ነጠብጣብ የሚያጠፋ ሴረም መቀባት ትርፉ ድካም ነው።

«ማድያት በሳምንት የሚያጠፋ ክሬም አግኝቻለሁ»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በሳምንት ፊት የሚያቀላ፣ ምን እንደያዘ በግልጽ ያልተጻፈበት ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ይኖራል፦ ሜርኩሪ፣ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ወይም መጠኑ የማይታወቅ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ ማቅያ። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። እንደ ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲለመድ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያሳያል፣ ስታቆሙት ደግሞ ፊቱ በብስጭት ይነሳል። ሃይድሮኪኖን በሐኪም ክትትል ለተወሰነ ጊዜ ሲወሰድ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ለዓመታት ሲቀባ ግን ኦክሮኖሲስ የሚባል ለማጥፋት እጅግ የሚያስቸግር ሰማያዊ ጥቁር ጥላ ሊያመጣ ይችላል። ለዚህም ነው የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ማቅያ መዋቢያዎች ያስወጣው። ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ለረጅም ጊዜ ስትቀቡ ከቆያችሁ በራሳችሁ ድንገት ከማቆም የቆዳ ሐኪም አማክሩ።

ቀስ ብሎ የሚሠራ ነገር ለሚፈልግ አዜላይክ አሲድ አለ። ለብጉርም፣ ለብጉር ምልክትም፣ ለማድያትም ይሆናል፣ ስሱ ቆዳም ብዙ ጊዜ ይችለዋል፣ ነፍሰ ጡርም ልትጠቀመው ትችላለች። ከሁሉም ያልተወራለት እሱ ነው ባይ ነኝ።

«ተፈጥሯዊ ከሆነ አይጎዳም»

ሎሚ ተፈጥሯዊ ነው። ፊት ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ግን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ሊያስቀር ይችላል። ሽቶነት ያላቸው የእጽዋት ዘይቶችም ቆዳን ከሚያስቆጡት ውስጥ ናቸው።

«ሬቲኖል ቆዳ ያሳሳል»

የሚላጠውን አይተን ነው እንዲህ የምንለው። የሞተው የላይኛው ሽፋን ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው ሕያው ክፍል ግን በጊዜ ሂደት ይወፍራል፣ ኮላጅንም (ቆዳን የሚያጠነክረው ፕሮቲን) ይጨምራል። አጀማመሩ ላይ ነው የምንሳሳተው። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ለመላው ፊት የአተር ፍሬ የምታህል፣ ደረቅ ቆዳ ላይ። ቆዳችሁ ስሱ ከሆነ ከሥር ማለስለሻ ቀቡ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሬቲኖልንና ዘመዶቹን ሁሉ ትተው።

«ሁለት ሳምንት ሞክሬ ምንም ለውጥ የለም»

እርጥበት በቀናት ይታያል። ብጉር ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ነጠብጣብና ማድያት ወራት፣ ሬቲኖል የፊት መጨማደድን ለማለስለስ ደግሞ ከሦስት ወር በላይ። ታዲያ ባንዴ አራት አዲስ ጠርሙስ ከጀመራችሁ የትኛው እንደጠቀመ የትኛው እንደጎዳ በምን ታውቃላችሁ? አንዱን ጀምሩ። መጀመሪያ ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ሞክሩት፣ ዝም ካለ ወደ ፊት ውሰዱት፣ ሌላውን ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ ጨምሩ።

የከፈታችሁበትን ቀንም ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ጀርባው ላይ ክዳኑ የተከፈተ የማሰሮ ሥዕል ውስጥ ያለው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ይናገራል። ቫይታሚን ሲ ግን ቁጥሩን ሳይጠብቅ ቡናማ ከሆነ አልቆለታል፤ «ውድ ነበር» ብላችሁ እንዳትጨርሱት።