ፓንጎሊን ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ የፓንጎሊን ፎቶ ለሰው ብታሳዩ «ጃርት ነው እንዴ?» መባሉ አይቀርም። የጎጃም ገበሬ ሌሊት ወጥቶ ድንቹን የሚቆፍርበትን ጃርት አሳምሮ ያውቀዋል። ሁለቱ ግን አይዛመዱም። ፓንጎሊን እሾህ የለውም፤ ከአናቱ እስከ ጭራው ጫፍ የተደራረበ ቅርፊት ለብሷል። ሰብልም አይነካም። ጥርስ የሌለው ፍጥረት ነው፤ በረጅም ምላሱ ጉንዳንና ምስጥ እየለቀመ ይኖራል። 8 ዝርያዎች አሉት፤ 4ቱ በአፍሪካ፣ 4ቱ በእስያ።

ጣጣ ያመጣበት ያ ቅርፊት ነው። ቤታችሁ የቀንድ ዋንጫ ካለ እስኪ ዳበስ አድርጉት። ቀንዱም፣ የእጃችሁ ጥፍርም፣ የፓንጎሊን ቅርፊትም ኬራቲን ከሚባል አንድ ነገር የተሠሩ ናቸው። ሆኖም በቻይናና በቬትናም ባህላዊ ሕክምና ቅርፊቱ ለጡት ወተት ማምጫ፣ ለሌላም በሽታ ይፈለጋል። ያድናል የሚል የሳይንስ ማረጋገጫ የለም። ለዚህ ተብሎ አንድ ፍጥረት ማለቁ እውነት ያንገበግባል።

ፓንጎሊን ሲደነግጥ ይጠቀለላል። ያኔ አንበሳም ታግሎ ያቅተዋል። አዳኝ ሰው ግን ምን ቸገረው? ብድግ አድርጎ ጆንያ ውስጥ ይከተዋል። እንስሳው የሚወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ስለሆነ የጠፋው ቶሎ አይተካም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይተስ (CITES) የሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት አባል አገሮች ጆሃንስበርግ ላይ ተሰብስበው የስምንቱንም ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ ከለከሉ። ንግዱ ግን አልቆመም። በ2019 ሲንጋፖር ውስጥ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ25 ቶን በላይ ቅርፊት ተያዘ። በእኛ ኩንታል ከ250 በላይ መሆኑ ነው! ከናይጄሪያ ወደ ቬትናም የሚጓዝ ነበር። በ2020 ቻይና ቅርፊቱን ከመድኃኒት መዝገቧ አወጣች፤ ትልቅ እርምጃ ነው።

ተመራማሪዎችም አልተኙም። ቅርፊቱ የየት አካባቢ እንስሳ እንደሆነ በዲኤንኤ ይለያሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከአዳኞች እጅ የተረፉት ይታከማሉ። ፓንጎሊን ተዘግቶበት መብላት እሺ ስለማይል ተንከባካቢው ሜዳ ያወጣውና ጉንዳን እስኪጠግብ ከኋላው ይከተለዋል። ሲለቀቅም ቅርፊቱ ላይ መከታተያ መሣሪያ ይታሰርለታል። ታንዛኒያ ውስጥ ደግሞ ቅርፊቱን አሽትተው የሚለዩ ትልልቅ አይጦች ሠልጥነዋል። አይጧ ትንሽ ሰደርያ ትለብሳለች፤ ሽታው ሲመጣላት ደረቷ ላይ ያለችውን ኳስ ስትጎትት ድምፅ ያሰማል።

ኢትዮጵያም ንግዱን የከለከለው የሳይተስ ስምምነት አባል ናት። ስለዚህ አንድ ሰው «መድኃኒት ነው፣ ሻንጣህ ውስጥ ያዝልኝ» ብሎ ቅርፊት ቢሰጣችሁ እንዳትቀበሉት።