ከወንበር ወደ ደጅ፦ እንደራሴ ሎቢስት ሲሆን

ሎቢስት የሚባለው፣ እየተከፈለው የሌላውን ጉዳይ ሕግ አውጪዎች ጆሮ የሚያደርስ ሰው ነው። ችሎት ስለማይቆም ጠበቃ አይደለም። ሕግ ስለሚከለክለው ጉቦ አቀባይም አይደለም፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ሥራው ማስረዳት፣ ማግባባትና ቀጠሮ ማስያዝ ነው። ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ የሚፈለገው ትናንት እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ወንበር የነበረው ሰው ነው። እዚህ የምናየው በዚሁ መንገድ ያለፈ አንድ አሜሪካዊ እንደራሴን ነው። ለዚህ ጽሑፍ የተመረጠውም ከደንበኞቹ አንዱ የኢትዮጵያ መንግሥት ስለነበር ነው።

ነገሩ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ከተማዋ በ1628 ዓ.ም. በአፄ ፋሲል ከተቆረቆረች በኋላ ለረጅም ዘመን የነገሥታት መቀመጫ ሆናለች። ባለጉዳይ ከየአገሩ ስንቁን ቋጥሮ ይመጣል፤ ደጅ ይጠናል። የፋሲል ግቢ 12 በሮች አሉት። አንዱ ወንበር በር ይባላል፤ የዳኞቹ በር ነው። በር ሲበዛ ደግሞ የትኛው ለማን እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ዋጋው ይወደዳል።

ዛሬም ፍርድ ቤት ደጅ ብትሄዱ ራፖር ጻፊዎቹን ታገኛላችሁ። ከደምቢያ ወይም ከወገራ የመጣ አባወራ ጋቢውን ሰብስቦ ይቀመጣል፤ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ይተርካል። ጻፊው ግማሹን ይጥልና በአንድ ገጽ ይጨምቀዋል። ከዚያ «አባቴ፣ ይህን መዝገብ ቤት ያስገቡ» ይላል። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። አልተነሳም። «እዚያ ውስጥ የምታውቀው ሰው የለህም?» ሎቢስት የሚኖረው በዚህች ጥያቄ ነው።

በንጉሡ ዘመን የነበረው ፓርላማ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ቆመ። ሕዝቡ እንደራሴውን በቀጥታ መምረጥ የጀመረው ግን ከ1948ቱ ማሻሻያ በኋላ ነው። ዕጩው የ1,000 ብር ርስት ወይም የ2,000 ብር ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲኖረው ይጠበቅ ነበር። ፓርቲ አልነበረም። ከበጌምድርና ስሜን የሄደው እንደራሴ የሚታወቀውም ሕግ በማርቀቅ አልነበረም። የመራጩን አቤቱታ ይዞ የአዲስ አበባ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ደጅ ይጠና ነበር። ልዩነቱ ይህን በወንበሩ ላይ እያለ ማድረጉ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካዊው። ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ ወይም የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዲክ አርሚ በ1940 በሰሜን ዳኮታ፣ ካንዶ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ኢኮኖሚክስ አጠና፤ ዶክትሬቱን ከኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ አግኝቶ ቴክሳስ ውስጥ አስተማረ። በ1984 ሪፐብሊካን ሆኖ ተወዳደረና ከቴክሳስ 26ኛ የምርጫ ክልል አሸነፈ። ዋሽንግተን ሲገባ ቤት አልተከራየም። ማታ ማታ የሚተኛው የምክር ቤቱ ስፖርት ቤት ውስጥ ነበር። አፈ ጉባኤው ቲፕ ኦኒል ሲያስወጡት ቢሮው ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። የመንግሥት ወጪ ይቀነስ እያለ ለሚከራከር ሰው ጥሩ ማስታወቂያ ሆኖለታል።

ስም ያተረፈበት ሥራ የ1988ቱ የጦር ሰፈሮች መዝጊያ ሕግ ነው። ብዙ ሰፈሮች እንደማያስፈልጉ ሁሉም ያውቃል። ግን የማንም እንደራሴ ሰፈር ሲነካ እንደራሴው ይነሳል፤ ወዳጆቹን ያስተባብራል፤ መዝጋቱ ይቀራል። አርሚ ያመጣው መላ ይህን ቆረጠው። ገለልተኛ ኮሚሽን የሚዘጉትን ሰፈሮች ዝርዝር ያወጣል፤ ምክር ቤቱ ዝርዝሩን እንዳለ ይቀበላል ወይም እንዳለ ይጥላል። አንዱን ነጥሎ ማዳን የለም። በአጭሩ ማግባባት የማይሠራበት አሠራር ነበር። ሕጉ ተሳካ፤ ብዙ ሰፈሮችም ተዘጉ። ይህን የፈጠረው ሰው ኋላ ራሱ አግባቢ መሆኑ ነው የአርሚን ታሪክ ከሌሎቹ የቀድሞ እንደራሴዎች የሚለየው። ማግባባት የት እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

በ1994 «ከአሜሪካ ጋር የተገባ ውል» የተባለውን የፓርቲውን የምርጫ ሰነድ ካዘጋጁት አንዱ ነው። ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱን ያዙ፤ እሱም የአብላጫው መሪ ሆነ። የአጀንዳው ቁልፍ በእጁ ነበር ማለት ነው፤ ምን ለድምፅ እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ። በጥር 2003 ከ18 ዓመት በኋላ ምክር ቤቱን ለቀቀ።

እኛ ጋ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ዋሽንግተን ላይ ተረቱ አይሠራም፤ ወፍራሙ እንጀራ የሚመጣው ከተሻሩ በኋላ ነው። አርሚ በዚያው ዓመት ፓይፐር ሩድኒክ የተባለ የሕግ ድርጅት ገባ። ድርጅቱ በኋላ ዲኤልኤ ፓይፐር ሆነ። ሕጉ ከተወካዮች ምክር ቤት የወጣ ሰው ለ1 ዓመት የቀድሞ ባልደረቦቹን እንዳያግባባ ይከለክላል። ከ2007 ወዲህ ለሴናተሮች፣ ማለትም ለላይኛው ምክር ቤት አባላት፣ 2 ዓመት ሆኗል። ክልከላው ግን ስልክ መደወልንና ፊት ለፊት ማነጋገርን እንጂ ምክር መስጠትን አይነካም። ከኋላ ተቀምጦ «እገሌን በዚህ ግቡበት» ማለት ይቻላል። ለእኔ ይህ ግማሽ በር መዝጋት ነው።

የኢትዮጵያ ጉዳይ የመጣው ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ነው። ከምርጫው ማግስት የደረሰው ግድያና እስር አሜሪካ ድረስ ተሰማ። በ2006 እንደራሴው ክሪስ ስሚዝ በኢትዮጵያ ላይ ያቀረበው ረቂቅ ለሙሉ ምክር ቤቱ ሳይቀርብ ቀረ። በ2007 ሌላው እንደራሴ ዶናልድ ፔይን ኤችአር 2003 የሚባለውን ረቂቅ አመጣ፤ 2003 የረቂቁ ቁጥር ነው እንጂ ዓመት አይደለም። ረቂቁ የጸጥታ ዕርዳታን ከሰብአዊ መብት ጋር ያያይዛል፤ በጥሰት የተሳተፉ ባለሥልጣናትም ቪዛ እንዳያገኙ ይላል። የኢትዮጵያ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐርን ቀጥሮ ነበር፤ አርሚም ረቂቁን ለማስቆም ከተሰለፉት አንዱ ሆነ። ክርክሩ ግልጽ ነው፦ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀንድ ሽብርን በመዋጋት የአሜሪካ አጋር ስለሆነች አትንኳት።

በሌላው ወገን የቆመው ዳያስፖራው ነበር። ከመካከላቸው ጎንደሬው አይጠፋም። ታክሲ የሚነዳው፣ ነርሷ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤው፣ ሁሉም ለየአካባቢው እንደራሴ ይደውላል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። በእኔ እምነት እነዚህም ሎቢስቶች ናቸው፤ ደሞዝ የላቸውም እንጂ። ረቂቁ ጥቅምት 2 ቀን 2007 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ሴኔት ደርሶ ግን ለድምፅ ሳይቀርብ ሞተ። ሕግ ለማስቆም የግድ ድምፅ ማሸነፍ አያስፈልግም፤ ቀን እንዲያልፍበት ማድረግ ይበቃል። አጀንዳ ሲይዝ ለኖረ ሰው ይህ የዕለት ትምህርቱ ነው። ዳያስፖራው በበኩሉ ትምህርቱን አልረሳም፤ በሚያዝያ 2018 ኤችሬስ 128 የተባለው የውሳኔ ሐሳብ ሲያልፍ የመራጭ ስልክ ድርሻ ነበረው። አስገዳጅነት ግን አልነበረውም።

አርሚ ጎን ለጎን ፍሪደምወርክስ የተባለ የቀኝ ክንፍ ቀስቃሽ ድርጅት ይመራ ነበር። በ2009 ድርጅቱ የኦባማን የጤና ሕግ ሲቃወም ውዝግቡ ሕግ ቢሮውን ነካው፤ በነሐሴ ከዲኤልኤ ፓይፐር ለቀቀ። በ2012 ከፍሪደምወርክስም ወጣ። ያኔ እንደተዘገበው የስንብት ስምምነቱ 8 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን በ20 ዓመት በየዓመቱ 400,000 እየተከፈለ የሚያልቅ ነው።

በኢትዮጵያ ሎቢስትን የሚመዘግብ ራሱን የቻለ ሕግ የለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 በተሰሚነት መነገድን ያስቀጣል። አዋጅ ቁጥር 653/2001 ደግሞ ከኃላፊነት ለሚነሱ የምክር ቤት አባላትና ሹማምንት መብትና ጥቅም ይወስናል። በእነዚህ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ከምክር ቤት የወጣ ሰው ለአንድ ባለሀብት «ሰው አለኝ፣ አነጋግርልሃለሁ» ቢል፣ ማንን እንዳነጋገረና ስንት እንደተከፈለው የሚጻፍበት ደብተር የለም። «ኮኔክሽን» ይባላል፤ ይታለፋል።

አሜሪካ ደብተሩ አላት። ለውጭ መንግሥት የሚሠራ በ1938ቱ የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገባል፤ በየ6 ወሩ ሪፖርት ያስገባል። ሪፖርቱ ውሉን፣ የተከፈለውን ገንዘብና የተነጋገሩባቸውን ቢሮዎች ይዘረዝራል። ፋይሎቹ በኢንተርኔት ክፍት ናቸው። ጎንደር ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ዳታ ያለው ሰው፣ መንግሥቱ ዋሽንግተን ላይ ለማን ስንት እንደከፈለ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ማንበብ ይችላል።