የላይትሩም ካታሎግ ምንድን ነው?

ባለፈው ግንቦት፣ የሰርጉ ወቅት ገና ሳይገባደድ፣ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ቱሉ ዲምቱ ወደሚገኘው ፎቶ ቤቴ መጣ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ላፕቶፑን ከፍቶ ወደ እኔ አዞረው። የአንድ ሰርግ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ስትስም፣ ሚዜዎች መኪናውን ከበው ሲጨፍሩ፣ አባት ሲመርቁ። በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ ግን አንዲት ትንሽ የቃለ አጋኖ ምልክት አለች። «ፎቶዎቹ ይኸው ይታያሉ፤ ለአልበም ኤክስፖርት ላድርግ ስል ግን እምቢ አለኝ» አለ። ዋናዎቹ ፋይሎች የት እንዳሉ ጠየቅሁት። «ላፕቶፑ ስለሞላብኝ ፎልደሩን አጠፋሁት። ፎቶዎቹ ላይትሩም ውስጥ ስላሉ ፎልደሩ ትርፍ መስሎኝ ነው።»

ላይትሩም ፎቶ የምናደራጅበትና የምናስተካክልበት ፕሮግራም ነው፤ ውስጡ ግን ፎቶ የለም። ይህን ባለማወቅ የጠፉ ሰርጎች እኔ በዓይኔ ያየኋቸው ብቻ ሦስት ናቸው፤ ለዚህም ነው ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት የፈለግሁት። ላይትሩም ውስጥ ያለው ካታሎግ ነው፤ ካታሎግ ማለት ደግሞ መዝገብ ነው።

ፊልም ይታጠብ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ደንበኛው ፎቶ ሲነሳ ስሙና ተራ ቁጥሩ በትልቅ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ኔጋቲቩ ያው ቁጥር በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ገብቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከዓመት በኋላ ሰውዬው «አራት ጉርድ ይታጠብልኝ» ብሎ ሲመጣ ደብተሩ ይገለጣል፣ ቁጥሩ ይገኛል፣ ፖስታው ይወርዳል። ደብተሩ ላይ «ትንሽ ይድመቅ» ወይም «ከግራ በኩል ይቆረጥ» የሚል ማስታወሻም ሊኖር ይችላል። ኔጋቲቩ ግን ደብተሩ ውስጥ የለም። መደርደሪያው ተቃጥሎ ደብተሩ ቢተርፍ በእጃችን የሚቀረው የጠፋብን ነገር ዝርዝር ነው።

የላይትሩም ካታሎግም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2007 የመጀመሪያው የላይትሩም እትም ገበያ ላይ ከዋለ ጀምሮ አሠራሩ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ካታሎጉ በኮምፒውተራችሁ ላይ ስሙ «ኤልአርካት» በሚል ቅጥያ የሚያልቅ አንድ ፋይል ነው። ውስጡ ስልኮቻችን ላይ ያሉ ብዙ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙበት ኤስኪውላይት የተባለ የመረጃ ቋት አለ። ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ መስመር ይከፈትለታል፤ በየትኛው ሃርድ ዲስክ፣ በየትኛው ፎልደር፣ በምን ስም እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደተነሳ፣ ስንት ኮከብ እንደሰጣችሁት ይጻፍበታል። ያደረጋችሁት ማስተካከያ ሁሉ በቁጥር ይመዘገባል። ብርሃኑን ከፍ ስታደርጉ፣ የሙሽራዋን ቬሎ ነጭነት ለማውጣት የቀለሙን ሙቀት ስትቀንሱ፣ ጠርዙን ስትቆርጡ፣ ዋናው ፋይል አንድም ቦታ አይነካም። ላይትሩም ትእዛዛችሁን ይጽፋል፤ ፎቶውን ስክሪን ላይ ባሳያችሁ ቁጥር ትእዛዙን እየተከተለ እንደ አዲስ ያጥበዋል። ኤክስፖርት ማድረግ ማለት በትእዛዙ መሠረት የታጠበውን ፎቶ በሌላ ፋይል ማውጣት ነው። ለዚያ ደግሞ ኔጋቲቩ፣ ማለትም ካሜራው ያነሳው ያልተነካው ዋና ፋይል (ራው የሚባለው)፣ መኖር አለበት።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። አብዛኞቻችን ኤዲት ማድረግ የጀመርነው በፎቶሾፕ ነው። ፎቶሾፕ ፋይሉን ራሱን ከፍቶ፣ ፒክስሉን ነካክቶ፣ መልሶ ያስቀምጣል፤ የያዝነው ፎቶው ራሱ ነው። ላይትሩም ስንገባ ደግሞ የሚቀበለን «ኢምፖርት» የሚል ቁልፍ ነው፤ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። በእኛ አገር አስመጪ ዕቃ ሲያስመጣ ዕቃው መጋዘን ይገባል። ላይትሩም ኢምፖርት ሲያደርግ ግን ካታሎጉ ውስጥ የሚገባው የፎቶው አድራሻና ማንነት ነው። በኢምፖርት መስኮቱ አናት ላይ ያሉትን ምርጫዎች ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው። «ኮፒ» የሚለው ፎቶውን ከሚሞሪ ካርድ ወደመረጣችሁት ፎልደር ገልብጦ ይመዘግበዋል፤ «አድ» የሚለው ባለበት ትቶ አድራሻውን ብቻ ይጽፋል። ሃርድ ዲስክ ላይ ላለ ፎቶ «አድ»፣ ካርድ ላይ ላለ ፎቶ «ኮፒ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ቃለ አጋኖው ልመለስ። ምልክቱ የሚለው «በተመዘገበው አድራሻ ሄጄ አጣሁት» ነው። ኮዬ ፈጬ ብሎክ ቀይሮ የገባ ሰው ዘመዱ በድሮው ብሎክ ሄዶ ቢያንኳኳ እንደማያገኘው ሁሉ፣ ላይትሩምም ፎልደሩን በዊንዶውስ በኩል ካዛወራችሁት ወይም ስሙን ከቀየራችሁት አያገኘውም። ተነቃይ ሃርድ ዲስኩ ካልተሰካ ወይም ዊንዶውስ የዲስኩን ፊደል ከቀየረውም እንዲሁ ነው። በፎልደሩ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ በፎቶው ላይ ቃለ አጋኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የጥያቄ ምልክት ያለበትን ፎልደር በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ የጠፋውን ፎልደር ፈልግ የሚለውን ትእዛዝ ምረጡና አዲሱን ቦታ አሳዩት። ሥራችሁ ሁሉ እንዳለ ይመለሳል። እባካችሁ በዚህ ጊዜ ተደናግጣችሁ ፎቶዎቹን ከካታሎጉ አስወግዳችሁ እንደገና ኢምፖርት አታድርጉ። እንደዚያ ካደረጋችሁ የድሮው መስመር ተሰርዞ ባዶ መስመር ይከፈታል፤ የሦስት ሌሊት ሥራ ይጠፋል። ፎልደር ማዛወር ካስፈለገ እዚያው ላይትሩም ውስጥ ጎትታችሁ አዛውሩት፤ ያን ጊዜ አድራሻውም አብሮ ይታረማል።

የባልደረባዬ ፎቶዎች ግን አድራሻ አልቀየሩም፤ ጠፍተዋል። ካርዶቹን በማግስቱ ሌላ ሰርግ አንስቶባቸዋል። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ አስኪደን እስከ ማታ ጠበቅን፤ የተገኘው ጥቂት የተቆራረጠ ፋይል ነው። የቀረን ነገር ቢኖር ላይትሩም ፎቶዎችን ቶሎ ለማሳየት ካታሎጉ አጠገብ የሚያስቀምጣቸው ቅድመ ዕይታዎች ናቸው። እነሱን አውጥተን ለካን። ረጅሙ ጎን 1,440 ፒክስል ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሆነ የኅትመት ጥራት ቢታተም 12 ሴንቲሜትር ያህል ይወጣዋል፤ ለስልክ ይበቃል፣ ለአልበም ገጽ ግን አይበቃም። ስማርት ፕሪቪው የሚባለውን፣ ከዋናው ያነሰ የፎቶ ቅጂ፣ አስቀድሞ አሠርቶ ቢሆን ኖሮ 2,560 ፒክስል፣ ማለትም ከ21 ሴንቲሜትር በላይ የሚታተም ፎቶ ይኖረው ነበር። ለሙሽሮቹ እውነቱን ነገራቸው። አልበሙም በትንንሽ ፎቶዎች፣ በአንድ ገጽ አራት አራት እየሆኑ ተሠራ። እነዚያን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያወጣን ሳለ የሙሽራዋ እናት ፊት ሲቀርብ እንዴት እንደሚበታተን እስካሁን አልረሳሁትም።

እንግዲህ የመጠባበቂያ ቅጂ ጉዳይ ሁለት መሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ይመስለኛል። ላይትሩም ሲዘጋ «ካታሎጉን ልገልብጥ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚገለብጠው መዝገቡን ብቻ ነው፤ ከፎቶው አንድም አይነካም። ያንንም ካልቀየራችሁለት በካታሎጉ ጎን እዚያው ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ መዝገቡም ቅጂውም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን ወደ ሌላ ዲስክ ቀይሩት። ካታሎጉን በእጃችሁ ስትገለብጡ ደግሞ «ኤልአርካት» የሚለውን ፋይል ብቻ አትውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ባሉት እትሞች በስሙ ላይ «ዳታ» የሚል የተጨመረበት ጓደኛ አለው፤ የማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ መርጦ የማስተካከል) ሥራዎቻችሁ ዝርዝር እሱ ውስጥ ስላለ ሁለቱንም አብራችሁ ያዙ።

ፎቶዎቹን በኢንተርኔት ስለማስቀመጥ ብዙ ወጣቶች ይጠይቁኛል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በአንድ ሰርግ 2,400 ፎቶ አነሳን፣ የ24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ የራው ፋይል 28 ሜጋባይት ያዘ እንበል፤ 67 ጊጋባይት ይሆናል። በሰከንድ አንድ ሜጋባይት የሚልክ መስመር አንድም ጊዜ ሳይቆረጥ ከ18 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ከከተማ ዳር፣ በሞባይል ዳታ፣ ይህ የሚታሰብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ላይትሩም ለሁለት ሲከፈል ፎቶውን ራሱን በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው አንድ መንገድ ሆነ፤ ካታሎጉን ይዞ የቀጠለው ደግሞ ክላሲክ የሚባለው ነው። እኛ ላለንበት ሁኔታ ክላሲክ ይሻላል ባይ ነኝ። የየዓመቱን ፎቶዎቼን በሁለት ሃርድ ዲስክ እይዛለሁ፤ አንዱ ፎቶ ቤት፣ ሌላው ገላን እህቴ ቤት ነው። ሚሞሪ ካርድ ሁለቱም ዲስክ ላይ መገልበጡን ሳላይ አላጠፋም። ካታሎጉ ከፎቶው አንጻር ትንሽ ስለሆነ እሱን ብቻ ሌሊት በኢንተርኔት እልከዋለሁ።

መብራት መጥፋቱም ለካታሎግ ጠላት ነው። ላይትሩም ክፍት ሳለ ከካታሎጉ ጎን «ሎክ» እና «ዋል» የሚል ቃል በስማቸው ያለ ትንንሽ ፋይሎች ይፈጠራሉ፤ በትክክል ሲዘጋ ራሳቸው ይጠፋሉ። መብራት በድንገት ሲሄድ ግን ይቀራሉ፤ መብራቱ ሲመለስም ላይትሩም «ካታሎጉ በሌላ ተይዟል» ብሎ አልከፍትም ሊል ይችላል። ላይትሩም በእርግጥ መዘጋቱን ካረጋገጣችሁ የሎክ ፋይሉን ማጥፋት ይቻላል። የዋል ፋይሉን ግን አትንኩት፤ ወደ ዋናው መዝገብ ገና ያልተገለበጠው የመጨረሻ ሥራችሁ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ሌላም መተማመኛ አለ። ፎቶዎቹን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤስን ብትጫኑ ማስተካከያው፣ ኮከቡና ቁልፍ ቃሉ ከራው ፋይሉ ጎን ኤክስኤምፒ በሚባል ትንሽ ፋይል ይጻፋል። ካታሎጉ ቢበላሽ እንኳ ሥራው ከፎቶው ጋር ይኖራል፤ ኮሌክሽኖች (ያደራጃችኋቸው የፎቶ ስብስቦች) እና የእርምት ታሪኩ ግን አብረው አይሄዱም። ዳርክቴብል የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ይህን ሳይነገረው በራሱ ያደርጋል። የላይትሩም ክፍያ በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ ለሚቸገሩም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ክፍያው ቢቋረጥ የማስተካከያው ክፍል ይቆለፋል እንጂ ካታሎጉ ይከፈታል፣ ፎቶዎቹን መፈለግና ኤክስፖርት ማድረግም ይቻላል።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ እሱም የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ነው፤ ደንበኛው የሚያስታውሰው ደግሞ ጥር 18ን ነው። እኔ ፎልደሩን በካሜራው ቀን፣ ዓመቱን አስቀድሜ 2025-01-26 ብዬ እሰይመዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ፎልደሮቹ በራሳቸው በተራ ይሰለፋሉ። «ጥር 18 ቀን 2017» የሚለውን ደግሞ በአማርኛ ቁልፍ ቃል አድርጌ ካታሎጉ ላይ እጽፋለሁ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሁለት ካሜራ ይዛችሁ የአንዱ ሰዓት 14፣ የሌላው 8 ከሆነ ሙሽራዋ ቤቷን ሳትለቅ አዳራሽ የደረሰች መስላ ትሰለፋለች። ሁለቱንም ጠዋት ከቤት ሳትወጡ አስተካክሏቸው። ከረፈደም ላይትሩም የአንዱን ካሜራ ፎቶዎች ሰዓት በአንድ ጊዜ ያርማል።

ለየሰርጉ የተለያየ ካታሎግ የሚከፍቱ አሉ፤ እኔ አንድ ብቻ እይዛለሁ። ለምን እንደሆነ በአንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ሁለት ወንድማማቾች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አባታቸው ሌሊት አርፈዋል፤ ለቀብሩ የሚያዝ ፎቶ ግን የላቸውም። እሳቸው ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የአንድ ዘመዳቸውን ሰርግ እኔ ማንሳቴን፣ አባታቸውም ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንደነበሩ ነገሩኝ፤ ቀኑን አያስታውሱም። በካታሎጉ መፈለጊያ ላይ «ሽማግሌዎች» የሚለውን ቁልፍ ቃል ጻፍሁና ወደዚያ ዓመት ወረድሁ። ከትልቁ ልጅ ጋር አንድ በአንድ ስናይ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው፣ ሲስቁ አገኘናቸው። በፎቶው ጥግ ቃለ አጋኖ አለ። ከመሳቢያ የዚያን ዓመት ዲስክ አውጥቼ ሰካሁ፤ ምልክቱም ጠፋ። ከመሃል ቆርጬ ፊታቸውን ትንሽ አደመቅሁና 30 በ40 አሳተምሁት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ፎቶው ፍሬም ገብቶ ልጆቹ እጅ ላይ ነበር።