ላይከንና ፍልፈል በአዲስ አበባ ዳርቻ

እንጦጦ ላይ ጽድ ሥር ቆማችሁ ቀና ብትሉ ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለ ግራጫ ጢም ታያላችሁ። ጎንበስ ስትሉ ደግሞ ሳሩ መሀል አዲስ የተቆለለ አፈር አለ። የላዩ ላይከን ነው፤ የዛፍ ሽበት የሚሉትም አሉ። የታቹ የፍልፈል ሥራ ነው።

ላይከን አንድ ፍጥረት አይደለም። ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፤ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። የስዊዘርላንዱ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር እ.ኤ.አ. በ1867 ይህን ሲናገር ብዙዎቹ የዘመኑ የላይከን አጥኚዎች አልተዋጠላቸውም። ላይከን ሥር የለውም። ውኃ የሚያገኘው ከዝናብ፣ ከጤዛና ከጉም ነው። በበጋ ይደርቅና እጅ ላይ ይፈረፈራል፤ ያየው ሰው ሞቷል ይላል። ከሃይላንዳችሁ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጉበት። በደቂቃዎች ውስጥ ይለሰልሳል፤ አረንጓዴነቱም ብቅ ይላል።

ፍልፈል ይህን አይችልም። አጥቢ ነውና ክረምት ከበጋ መብላት አለበት። ብቸኛ ነው፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ሆኖ ይኖራል። የሚቆፍረው ደግሞ በዋናነት በጥርሱ ነው። ብርቱካናማ የፊት ጥርሶቹ ሁሌም ከአፉ ውጭ ናቸው። ከንፈሩ ከጥርሶቹ ኋላ ስለሚገጥም አፈር አይቅምም። የላላውን አፈር በእግሩ ወደ ኋላ ይጠርግና ዞሮ በፊቱ እየገፋ ያወጣዋል። ሱሉልታ በኩል ድንች የሚተክል ሰው መቼም አይወደውም። ደህና የነበረው ተክል ድንገት ይጠወልጋል፤ ሲነቅሉት ሥሩ ተበልቷል።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው አፈር ነው። ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ላይከን በሚያመነጨው አሲድ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ፍልፈል ደግሞ አፈሩን እያገላበጠ አየርና ውኃ ያስገባለታል።

በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ለላይከን አልተመቸም። ቅርፊቱን እየላጠ ይጥላል፤ ዘገምተኛው ላይከን ሥፍራ ሳይዝ አብሮ ይወድቃል። ጢም የሚመስለው ዓይነት የተበከለ አየርም አይችልም። በደንብ ማየት የፈለገ ራቅ ብሎ ወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው መናገሻ ሱባ ደን ቢሄድ ይሻለዋል። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተተከለ ነው ይባላል፤ ጽዶቹ ትልልቅ ናቸው። ብቻ በጠዋት፣ ጉሙ ሳይገፈፍ መድረስ ነው።