ለሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሰጠው ሁለተኛ ደረጃ መከላከያ ምንድን ነው? ጦርነትስ እንዴት ያቋርጠዋል?

ሁለተኛ ደረጃ መከላከያ የሚባለው፣ አንድ ጊዜ ሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ሰው ሕመሙ እንዳያገረሽበት ለዓመታት ሳያቋርጥ የሚወስደው የፔኒሲሊን ሕክምና ነው።

መነሻው ብዙ ወላጅ «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ብሎ የሚተወው የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ይህ ሕመም በጊዜው ካልታከመ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ገደማ ቆይቶ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ እንዲያጠቃ ሊያደርገው ይችላል፤ ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ይህ ነው። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣሉ፤ ሕመሙም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። የመገጣጠሚያው እብጠት ብዙውን ጊዜ ጉዳት ሳይተው ይድናል፤ በልብ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚከለክለው የልብ በር) ላይ የሚቀረው ጠባሳ ግን ትኩሳቱ ባገረሸ ቁጥር ይጨምራል፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለውም ይህ ጉዳት ነው። (እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ አንዱንም አይከላከልም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ይዳርጋል።)

ሕክምናው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለ መርፌ ሲሆን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይሰጣል፤ የአዋቂ መጠኑ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው። ዱቄቱ በውኃ ሲበጠበጥ ወፍራም ነጭ ፈሳሽ ስለሚሆን መርፌውን ይደፍናል፤ ስለዚህ ጡንቻ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይወጋል፣ ያማልም። ልጆች ቀጠሮው ሲቃረብ የሚያለቅሱት ያለ ምክንያት አይደለም። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከ3 ሳምንት በኋላ እያነሰ ስለሚሄድ፣ ቀጠሮ ያለፈበት ሕመምተኛ ያለ ጥበቃ ቀረ ማለት ነው። ትኩሳቱ ልቡን ለነካው ሰው ሕክምናው ቢያንስ 10 ዓመት ወይም ዕድሜው 21 ዓመት እስኪሞላ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው፣ ይቀጥላል፤ የልብ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ እስከ 40 ዓመት ዕድሜና ከዚያም በላይ ሊዘልቅ ይችላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ዱቄቱም ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ስለዚህ በጦርነት ጊዜ ዋናው ችግር የመድኃኒቱ ዋጋ ሳይሆን ቀጠሮውን ጠብቆ መድረስ ነው፤ ለዚህም ክፍት ጤና ጣቢያ፣ ሠልጣኝ ባለሙያ፣ መንገድና የክትትል መዝገብ በአንድነት መገኘት አለባቸው። በትግራይ ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት መካከል 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው ነበር፤ እንደ ወትሮው የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ መብራት፣ ስልክና ባንክ በመቋረጣቸውና የመድኃኒት አቅርቦት በመመናመኑ፣ እንደ መቀሌው ዓይደር ያለ ትልቅ ሆስፒታል እንኳ መሠረታዊ ነገር አጣ። ጦርነቱ ወደ አማራ ክልል ሲስፋፋ የደሴ ሆስፒታልም ተዘርፏል። የቆሰለ ሰው ወደ ሆስፒታል በሚጎርፍበት ሰዓት፣ ደህና የምትመስል የ12 ዓመት ልጅ ወርሃዊ መርፌዋ ቀረባት ብሎ የሚያስታውስ አይኖርም። በተፈናቃዮች መጠለያ ደግሞ በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ብዙ ቤተሰብ ስለሚያድር ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ በቀላሉ ይተላለፋል፤ መከላከያው የተቋረጠው ለበሽታው ይበልጥ በሚጋለጡበት ጊዜ ነው።

መርፌው የቀረበት ሰው ምን ያድርግ? ያለፈው ጊዜ ይቆጠርብኛል ብሎ መሸሽ አይገባም። ባገኘው የመጀመሪያ አጋጣሚ መወጋትና ቀጣዩን ቀጠሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠር ነው። መንገድ ሊዘጋ ይችላል ተብሎ ሲሰጋ ሐኪም በቀን 2 ጊዜ የሚዋጥ ፔኒሲሊን አስቀድሞ ሊያዝ ይችላል፤ እንክብሉ እንደ መርፌው አስተማማኝ ባይሆንም ከምንም ይሻላል። ቫልቫቸው ክፉኛ ተጎድቶ ልባቸው ለደከመ ሕመምተኞች ግን የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. እንክብሉ እንዲመረጥ መክሯል፤ በእነዚህ ሰዎች ላይ ከመርፌ በኋላ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት ሁልጊዜ ከአለርጂ የመጣ ሳይሆን ልባቸው ራሱ ሊቋቋመው ባለመቻሉ ሊሆን ይችላልና። የክትትል ካርዱን በስልክ ፎቶ ማንሳትም ጠቃሚ ነው፤ መዝገቡ ቢቃጠል ሌላ ከተማ ያለ ነርስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተገጠመላቸው ሰዎች ነገር ይለያል። እነርሱ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ዕድሜ ልካቸውን መውሰድና ደማቸው ምን ያህል በፍጥነት እንደሚረጋ በላቦራቶሪ ማስለካት አለባቸው፤ ክኒኑ ከተቋረጠ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ከቤት ድንገት መውጣት ቢመጣ ከልብስ በፊት ወደ ቦርሳ መግባት ያለበት ዋርፋሪኑና የመጨረሻው የላቦራቶሪ ውጤት ነው።